የክሩን ዕድሜ መጠየቅ
በሴል ውስጥ ካሉት የፕሮቲን ክሮች ልቤን የወሰደው ማይክሮቲዩቡል ነው። ወደ 25 ናኖሜትር የሚወፍር ቱቦ ሲሆን፣ ቱቡሊን የተባለ ጥንድ ፕሮቲን እየተደረደረ ይገነባዋል። ሚቺሰንና ኪርሽነር በ1984 እንዳሳዩት፣ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ አንዱ ክር ሲያድግ ሌላው ይፈርሳል፤ ሲያድግ የቆየውም በድንገት ይናዳል።

ይህን በሒሳብ ለመያዝ ከባዱ ሥራ ምን እንደሚተው መወሰን ነው። በአንድ ማይክሮሜትር ክር ላይ ከ1,600 በላይ ጥንዶች አሉ። ኮምፒውተር እያንዳንዱን መከተል ይችላል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ከአራት ቁጥሮች እጀምራለሁ፦ ሲያድግ ፍጥነቱ፣ ሲፈርስ ፍጥነቱ፣ ከማደግ ወደ መፍረስና ከመፍረስ ወደ ማደግ ምን ያህል ቶሎ ቶሎ እንደሚዞር። ዶግተሮምና ላይብለር በ1993 ከእነዚህ ያወጡት ድንበር ዛሬም ያስደንቀኛል። ክሩ በደቂቃ 2 ማይክሮሜትር እያደገ በአማካይ 5 ደቂቃ ቢቆይ 10 ያተርፋል እንበል፤ በደቂቃ 20 እየፈረሰ ግማሽ ደቂቃ ቢቆይ ያንኑ 10 ይከስራል። ድንበሩ እዚህ ነው። ኪሳራው ከበለጠ የክሮቹ አማካይ ርዝመት አንድ ቦታ ይረጋል፤ ትርፉ ከበለጠ እየረዘመ ይሄዳል። ሴል ሊከፈል ሲል ክሮቹ ቶሎ ቶሎ እንዲፈርሱ ያደርግና ረጃጅሞቹን በአጫጭር ይተካል።

አራቱ ቁጥሮች ግን ያልተነገረ ግምት ይዘዋል፦ አሁን የበቀለውም ሲያድግ የቆየውም ክር የመናድ ዕድላቸው እኩል ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ገና በጨቅላነታቸው የሚናዱት ከሁሉ ይበዙ ነበር። በ1995 ኦድና ባልደረቦቹ፣ በ2011 ደግሞ ጋርድነርና ባልደረቦቿ ያገኙት ሌላ ነው፤ ክር ያረጃል፣ ባረጀ ቁጥርም ለመናድ ይቀርባል። ከመናዱ በፊት ጥቂት እርምጃዎች መጠራቀም አለባቸው ማለት ነው። ኪፕ3 የተባለው ፕሮቲን እርጅናውን ያፋጥናል፤ ኤምካክ ደግሞ እርጅና ሳያስፈልግ ያፈርሳል። አማካይ ዕድሜን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ክር ቶሎ የሚያፈርሱ ናቸው፣ በቃ። ልዩነታቸው የሚታየው በዕድሜዎቹ ስርጭት ላይ ነው።

ስለዚህ አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች አማካይ ይዘው ሲመጡ የዕድሜዎቹን ሙሉ ዝርዝር እጠይቃለሁ፤ ክሮቹ የተቀረጹበት ቪዲዮ ሲያልቅ ገና እያደጉ የነበሩትን ክሮች ጭምር። መጨረሻቸው አልታየም ተብለው ሲጣሉ በብዛት የሚወጡት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ናቸው።