በስሙ ያልተጠራ ድምፅ፦ የቪዲዮ ጌም ተዋናይና ሕግ

የአማርኛ ጽሕፈት ጥብቀትን አያመለክትም፤ «ገና» በዓሉ መሆኑን የሚለየው አንደበት ነው። የቪዲዮ ጌም ድምፅ ተዋናይ ስለዚህ ጽሑፉ ያልያዘውን ይጨምራል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወሰድበትም ይኸው ነው።

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ፎቶግራፍንና ምስልን ያለ ፈቃድ ማባዛትን ሲከለክል ድምፅን አይጠራም። ኪሌሌሽዋ ለሚቀረጽ አማርኛ ተናጋሪ የኬንያ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ የተሻለ ይመስላል። ሆኖም ከባዮሜትሪክ መረጃ ትርጓሜው ውስጥ የገባው «ድምፅን መለየት» የተባለው ስልት እንጂ ድምፁ ራሱ አይደለም፤ ተመሳስሎ የተፈጠረ ንግግር በዚህ ቃል መሸፈኑ ያከራክራል። የአሜሪካ ጌም ተዋንያን ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ያቆሙት ለቅጂው ፈቃድና ክፍያ ነበር።

አንደበትን ለምርምር የሚቀዱ የቋንቋ ባለሙያዎችም በስምምነት ቅጻቸው ማጥናትን ከማስመሰል ሊለዩ ይገባል።