«ማሳያው አይሠራም» ስለሚለው አነጋገር

የቴክኒክ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በማማሩ ሳይሆን፣ የሚጠቀምበትን ሰው ወደ ትክክለኛው ሥራ በመምራቱ ነው። በዚህ መመዘኛ ሲታይ፣ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ ኮምፒዩተር በቤቱ ለሚገጣጥም ሰው የሚነገር አንድ አባባል እጅግ አሳሳች ሆኖ አግኝተነዋል። ይኸውም መሣሪያው በርቶ፣ ማራገቢያው እየዞረ ምስል ሳይታይ ሲቀር «ማሳያው አይሠራም» የሚለው ነው።

«ማሳያ» ዕቃውንም፣ የዕቃውን ገጽም፣ የማሳየቱን ተግባርም ይጠራል። የእንግሊዝኛው አቻው ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለም፤ ሆኖም ተርጓሚ የባዕዱን ቃል አሻሚነት አብሮ የመተርጎም ግዴታ የለበትም። አባባሉ በአማርኛ ሲነገር ጥፋቱን በአንድ ዕቃ ላይ ይጥላል፤ ሰሚውም ጤነኛውን ማሳያ ጥሎ ሌላ ሊገዛ ይነሣል። ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ገመዱ በግራፊክስ ካርዱ ፈንታ በማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ የራሱ ግራፊክስ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያበቃው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እንዲህ ናቸው። ለፕሮሰሰሩ ለብቻው የሚሄደው የኃይል ገመድ ተረስቶ፣ ወይም የማዘርቦርዱ ባዮስ ፕሮሰሰሩን የማያውቅ አሮጌ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ማሳያው እንከን የለበትም። ስለሆነም «ምስል አልወጣም» ማለት ይሻላል፤ የታየውን ይናገራል እንጂ በምክንያቱ ላይ አይፈርድም።

ሁለተኛው ችግር «ምልክት» ነው። ማሳያው ራሱ ሲግናል እንዳልደረሰው በገጹ ላይ ሲጽፍ፣ ይህን «ምልክት የለም» ብሎ መተርጎም ይቻላል። ነገር ግን የብልሽት መገለጫም «ምልክት» ይባላልና፣ «የብልሽቱ ምልክት ምልክት አለመኖሩ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ላይ እንደርሳለን። እዚህ ላይ የውሰቱ ቃል «ሲግናል» ይመረጣል። መልእክቱ ቀላል አይደለም፤ ማሳያው ኃይል እንዳለውና በሕይወት እንዳለ ያስረዳል። ፍለጋው እንግዲህ ከተመረጠው መግቢያ ጀምሮ ወደ ገመዱና ከገመዱ ወዲያ ይሄዳል። ገጹ ጨልሞ መብራቱም ጠፍቶ ከሆነ ግን ፍለጋው ከማሳያው የኃይል ገመድ ይጀምራል።

ሦስተኛው በግስ ምርጫ ላይ ነው። «ራሙ ተበላሽቷል» እና «ራሙ አልገጠመም» በገንዘብ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው አዲስ ያስገዛል፣ ሁለተኛው ምንም አያስወጣም። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተከትሎ «አልተቀመጠም» ማለትም አይበቃም፤ የተቀመጠ ሁሉ አልገጠመምና። «ገጠመ» ግን የሚፈለገውን በትክክል ይናገራል፦ ኃይሉን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ አንዱን ራም ብቻ መመሪያው በሚያዘው ቦታ መቆለፊያው እስኪዘጋ ድረስ መጫን።

«የመነሻ ራስ ፍተሻ» የሚለውን ስያሜ ግን እንደግፋለን። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ሲበራ ራሱን ይፈትሽ፣ ደኅንነቱንም በአንድ አጭር ድምፅ ይገልጽ ነበር። ዛሬ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ፍተሻው የት እንደቆመ ትንንሽ መብራቶች ያመለክታሉ። «ፍተሻ» መሣሪያው በየክፍሉ እየመረመረ እንደሚያልፍ ስለሚያሳይ፣ ትምህርት ቤትን ከሚያስታውሰው «ፈተና» ይልቃል።

ሕዝብ የለመደውን ቃል መለወጥ አይቻልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኛም «ማሳያ» ይሻር አላልንም፤ የዕቃው ስም ሆኖ ይኑር። ትችታችን በውሰት ቃላትም ላይ አይደለም፤ «ማዘርቦርድ»ን «እናት ሰሌዳ» ማለት ለጠጋኙ አንዳች አይጨምርለትም። የምንጠይቀው የታየው ነገር በግስ፣ ዕቃው በስም፣ ምክንያቱም ከፍተሻ በኋላ ብቻ እንዲነገር ነው። ተርጓሚ ይህን ቅደም ተከተል ካፋለሰ፣ ዋጋውን የሚከፍለው አንባቢው ነው።