ሥራ የፈታቸው ሰዎች

ሥራ ያጣን ሰው «ሥራ ፈት» እንለዋለን። ቃሉ ውስጥ ክስ አለ፤ ሰውየው ሥራን እንደ ትዳር በገዛ ፈቃዱ የፈታ ያስመስለዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅም የሚታወቅ መተዳደሪያ ማጣትን ከቦዘኔ መለያዎች አንዱ አድርጎታል። «የማሪየንታል ሥራ አጦች» የተባለውን መጽሐፍ ሳነብ «ሥራ ፈት» የሚለው ቃል ሲቆረቁረኝ ከረመ።

ማሪየንታል ከቪየና ብዙም የማይርቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መንደር ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ሲዘጋ፣ ከ478ቱ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ድጎማ ጠባቂ ሆኑ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር ልብስ እያደሉ፣ ሕክምና እያመቻቹ የመንደሩን ኑሮ አጠኑ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1933 ታተመ፤ ደራሲዎቹ አይሁድ ስለነበሩ ስማቸው ሽፋኑ ላይ አልወጣም።

እኔን የያዘኝ አጠናናቸው ነው። አንዱ አጥኚ መስኮት ጥግ ተደብቆ፣ ሰዓት ይዞ የመንገደኛውን እርምጃ ይለካል። የሚያስቸኩል ጉዳይ የሌላቸው ወንዶች መሐል መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቆመዋል። ሴቶቹ ምድጃና ልጅ ይጠብቃቸዋልና ፈጠን ብለው ያልፋሉ። ሰዓት መያዝ የተዉ ወንዶች ብዙ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ የውሰት ክፍያውን ቢያነሳም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚዋሱት መጽሐፍ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ድሮ ይኮሩበት የነበረውን መናፈሻ አረም ዋጠው። ጊዜው እንደ ልብ ነው፤ ልቡ ግን የለም።

መጽሐፉ በዚህ የባዶ ጊዜ ታሪክ ስለታወቀ፣ ከሁሉ የሚከብደው አንድ ትንሽ ስሌት ይዘለላል። ደራሲዎቹ ቤተሰቦቹን በአራት ይመድቧቸዋል፤ ያልተሰበሩ፣ እጅ የሰጡ፣ ተስፋ የቆረጡና ሁሉን የተዉ። የወር ገቢያቸው በአንድ አዋቂ ሰው ልክ ሲሰላ በቅደም ተከተል 34፣ 30፣ 25 እና 19 ሽልንግ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመውን ከወደቀው የሚለየው 15 ሽልንግ ነው ማለት ነው። «መጀመሪያ መንፈሱ ስለደከመ ነው የደኸየው» የሚል ይኖራል። እዚያ ግን ገቢውን በአብዛኛው የሚወስነው የድጎማው ሕግ ነበር፤ ገደቡ ሲደርስ ይቀንሳል፣ ኋላም ይቋረጣል። ሕጉ ደግሞ እጅ የሚያስር ነው። ሃርሞኒካ ተጫውቶ ሳንቲም ያገኘ ሰው ድጎማው ተሰረዘበት። ወተት እያደረሰች ለልጆቿ ጥቂት ወተት የተቀበለች ሴትም እንዲሁ። ሰውን በሕግ አስገድዶ አስቀምጦ፣ መቀመጡን ከጠባዩ መቁጠር ግፍ ነው።

የምነቅፍበትም አለኝ። ደራሲዎቹ የወንዶቹን እርምጃ መዘግየት የተሰበረ መንፈስ ምልክት አድርገው ያነቡታል። ዳቦና ቡና ላይ የከረመ ሰው ግን ጉልበትም የለውም። ረኃቡን መጽሐፉ መዝግቦታል፤ ድመትና ውሻ ሳይቀር እንደተበላ ይነግረናል። ትርጓሜው ላይ ሲደርስ ግን ሆድን ወደ ጎን ትቶ ልብን ብቻ ያያል። የፋብሪካ ሥራቸውን ያጡትን ሴቶችም፣ ጓዳው ስላለላቸው እንደ ወንዶቹ ሥራ አጥ አልሆኑም ይላል። ወደ ፋብሪካው መመለስን የሚመኘው የራሳቸው ድምፅ ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ሊጎላ ይገባው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታችኛው ኦስትሪያ የሥራ ስምሪት አገልግሎት፣ ማሪየንታል በምትገኝበት በግራማትኖይዚድል፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ላጣ ነዋሪ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አቀረበ። ማክሲሚሊያን ካዚና ሉካስ ሌነር የተባሉ የኦክስፎርድ አጥኚዎች ውጤቱን ሲመዝኑ፣ ያሆዳ ያነሳቻቸውን ነገሮች ጭምር ለኩ። የተሳታፊዎቹ የኑሮ ዋስትና፣ የቀናቸው ሥርዓትና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ተሻሽሎ ተገኘ፤ የአካል ጤናቸው ላይ ግን ለውጥ አልታየም። መሳተፉ በፈቃድ ነበር። ከቀረቡት ሥራዎች አንዱም የሕዝብ አረንጓዴ ቦታዎችን መንከባከብ ነበር።