አንደኛ የወጣው ልጅ ለምን አለቀሰ?



ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ፊልም ማየት ስላለው ሸሪዓዊ ብይን ልጽፍላችሁ አልተነሣሁም። እርሱን ለባለቤቶቹ ለዑለማኦቻችን ትቼዋለሁ፤ በጉዳዩም ላይ አንድ ዓይነት አቋም እንደሌላቸው ታውቃላችሁ። የኔ ነገር ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። ፊልሙ እኛን ሳያስፈቅድ ቤታችን ገብቷል። ቀድሞ በቪዲዮ ካሴት፣ ኋላ በሲዲና በዲሽ፣ አሁን ደግሞ በልጆቻችን መዳፍ ላይ ባለች ስልክ። የገባውን እንግዳ ማንነት መጠየቅ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ፈንታ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ የተማሪ አባት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ይዞኝ ቆመና «ኡስታዝ፣ ልጄ ፊልም አምጥቶ እንየው አለኝ። ስለ ሙስሊሞች ነው፤ በዓለም ላይ ብዙ ሽልማት አግኝቷል ይላል። ከተሸለመ ምን ክፋት ይኖረዋል ብዬ ነው» አለኝ። ያች «ከተሸለመ» የምትለዋ ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋ አለች። ሰውዬው ሽልማቱን የወሰደው በታሸገ ሥጋ ላይ እንደሚታተመው የ«ሐላል» ምልክት አድርጎ ነበር።

በፊልም ማስታወቂያዎች ላይ ርዕሱን ከግራና ከቀኝ ያቀፉ ሁለት የቅጠል ዘንጎች አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችን የአሸናፊነት ምልክት ይመስለናል። በአመዛኙ ግን የሚናገረው ፊልሙ በአንድ ፌስቲቫል ላይ ለመታየት መመረጡን ብቻ ነው። ለውድድር መቅረብ አንድ ነገር ነው፣ ማሸነፍ ሌላ። ገና ያልወጣ ፊልም ደግሞ «በቅርብ ቀን» ተብሎ በሁለት ደቂቃ ቁራጭ ሲተዋወቅ የምናየው ሻጩ የመረጠልንን ነው። ቁራጩ የተሠራው ገበያውን እንዲያደምቅ ነውና፣ ፊልሙ ልጆቻችንን ወዴት እንደሚወስዳቸው ከእርሱ መረዳት አይቻልም።

ይህን ካልኩ በኋላ ከተወደሱት መካከል ሁለቱን ላወያያችሁ እፈልጋለሁ። ሁለቱም ስለ ሙስሊም ልጆች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ አንድ ልጅ አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ ያንንም ለማግኘት ውድድር ይገባል። አንዱን ከልጆቼ ጋር ተቀምጬ አየሁት። ሁለተኛውን ግን ብቻዬን አይቼ፣ ላሳያቸው ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ ቆየሁ።

የመጀመሪያው የኢራናዊው መጂድ መጂዲ ሥራ የሆነው «የሰማይ ልጆች» ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ1999 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ በውጭ ቋንቋ ፊልሞች ዘርፍ ለእጩነት የበቃ የመጀመሪያው የኢራን ፊልም ሲሆን፣ ሽልማቱን ግን የጣሊያኑ «ሕይወት ውብ ናት» ወስዶበታል። ታሪኩ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነው። በቴህራን የሚኖር ዐሊ የሚባል ልጅ የእህቱን የዘህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ አትክልት ቤት ደጃፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የኛ አገር ቆራሌውን የሚመስል ሰው መጥቶ ከቆሻሻው ጋር ጠርጎት ይሄዳል። አባት ድሃ ነው፤ እናት ታማለች፤ የቤት ኪራይ አልተከፈለም። ልጆቹ ለወላጆቻቸው ከመንገር ይልቅ አንዱን የዐሊን ሸራ ጫማ በፈረቃ ሊጫሙት ይስማማሉ። እርሷ ጠዋት፣ እርሱ ከሰዓት። እርሷ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ያወልቁታል፣ እርሱ ደግሞ እየሮጠ ይሄዳል፤ ያም ሆኖ ይረፍዳል።

ፊልሙ ይኸው ነው። ተኩስ የለም፣ ፍቅር የለም፣ ክፉ ሰው እንኳ የለም። ሐያሲያን የልጆቹን ንጹሕነት አወደሱ፤ ድህነትን አጣፍጦታል ብለው የነቀፉትም አሉ። ነቀፌታው ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ በዚህ ፊልም ውስጥ ረሃብ ራሱ ሥርዓት ያለው ነው። ነገር ግን እኔን የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ይመስለኛል።

አባትየው ለመስጂድ የመጣ ብዙ ስኳር ቤቱ ተቀምጦ እየሰባበረ ነው። ዘህራ ሻይ ታቀርብለታለች። ስኳር አምጪልኝ ይላታል። ልጅቷ ትገረማለች፤ ፊቱ ላይ የተከመረው ስኳር ነዋ! አባትየው ይህ የመስጂድ ነው፣ በአደራ የተሰጠን ነው ይላታል። ትዕይንቱ አንድ ደቂቃም አይሞላ። እኔ ስለ አማና ለልጆች ሳስተምር ዓመታት አስቆጥሬአለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስዶብኛል። ያን ቀን ግን ትንሹ ልጄ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። «አንዲት ፍንካች እንኳ አልወሰደም?» አለ። አልወሰደም አልኩት።

ሌላም አለ። ዘህራ የጠፋውን ጫማዋን አንዲት የትምህርት ቤቷ ልጅ ተጫምታው ታያለች። ከወንድሟ ጋር ተከትለዋት እስከ ቤቷ ይሄዳሉ። ጫማው የነሱ ነው፤ ቢጠይቁ ሐቃቸው ነው። ነገር ግን የልጅቷ አባት ዓይነ ስውር ሆኖ ልጁ እጁን ይዛ ስትመራው ያያሉ። ሁለቱ ይተያዩና አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ፊልሙ ይህን አያብራራም፣ ሙዚቃም አያስጮህበትም። ልጆቹ ሐቃቸውን እንደተዉ የምናውቀው ጀርባቸውን ስናይ ብቻ ነው።

ዐሊን እንከን የለሽ አድርጌ ላቅርብላችሁ አልፈልግም። ልጁ ከወላጆቹ ይደብቃል፤ እህቱ ዝም እንድትልለት እርሳስ ይሰጣታል። ለልጆቼ ይህን አንሥቼባቸዋለሁ። ትልቋ ግን «አባዬ፣ ቢነግሩት አባትየው ከየት ያመጣ ነበር?» አለችኝና መልስ አጣሁ።

በመጨረሻ የትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ይመጣል። የሦስተኛው ሽልማት ሸራ ጫማ ነው። ዐሊ ሦስተኛ ለመውጣት ይሮጣል። ሦስተኛ! ሁለት ልጆችን እያስቀደመ ሲሮጥ ይወድቃል፤ ተነሥቶ ሲሮጥ በግርግሩ ውስጥ ሳያውቀው አንደኛ ይወጣል። ትከሻ ላይ ሰቅለውት ፎቶግራፍ ሲያነሡት ያለቅሳል። የሰባት ዓመቱ ልጄ «አንደኛ ወጥቶ ለምን ያለቅሳል?» ሲል፣ እህቱ «ለራሱ አይደለም እኮ የሮጠው» ብላ መለሰችለት። እኔ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ወጅዳ» ይባላል። አዘጋጇ ሀይፋእ አል-መንሱር የምትባል ሳዑዲያዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 በቬኒስ ፌስቲቫል ታየ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ የተቀረጸ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው ተብሎ ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ሕዝብ የሚገባበት ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ የተከፈተው በ2018 ነው። አዘጋጇም ጎዳና ላይ ከወንዶች ጋር ቆማ መሥራት ስላልቻለች፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ በሬዲዮ መገናኛ ነበር ትእዛዝ የምትሰጠው።

ወጅዳ በሪያድ የምትኖር የዐሥር ዓመት ገደማ ልጅ ናት። ብስክሌት ትፈልጋለች፤ ዋጋው 800 ሪያል ነው፤ ሴት ልጅ ብስክሌት አትነዳም ይሏታል። ትምህርት ቤቷ የቁርኣን ውድድር ያወጣል፤ ሽልማቱ 1000 ሪያል። ወጅዳ ለቁርኣን እስከዚያ ድረስ ግድ አልነበራትም። ለብስክሌቱ ስትል መቅራት ትጀምራለች።

እንግዲህ እኔ የመድረሳ ልጅ ነኝ። ቁርኣን የብስክሌት መሰላል ሲሆን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ልትገምቱ ትችላላችሁ። ፊልሙን ግማሽ ላይ ዘግቼው ነበር። ሌላም ቅሬታ አለኝ። በዚህ ፊልም ውስጥ ስለ ዲን የሚናገር ሰው ሁሉ ፊቱ የተኮማተረ ነው። በዚያ ሁሉ ትምህርት ቤት አንዲት ደግ ኡስታዛ አልተገኘችም? የእናትየው ሐዘን፣ ባል ወንድ ልጅ ፈልጎ በላይዋ ሊያገባባት መዘጋጀቱ፣ ይህ እውነት ነው፣ በኛም ሰፈር አለ። ነገር ግን ሐዘኑ ሁሉ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲነፍስ ተመልካቹ፣ በተለይ እኛን የማያውቀን ተመልካች፣ ምን ይዞ እንደሚወጣ ያስፈራል።

ከሳምንት በኋላ ግን ከቆመበት ቀጠልኩ። ወጅዳ ታሸንፋለች። ከሱረቱል በቀራህ ስትቀራ ድምጿ ያምራል፤ አዘጋጇ በዚህ ቦታ አልቀለደችም። ርዕሰ መምህሯ በሰው ሁሉ ፊት «በገንዘቡ ምን ታደርጊበታለሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። ልጅቷ እውነቱን ትናገራለች፤ ብስክሌት እገዛበታለሁ። ርዕሰ መምህሯ ትቆጣለች፤ ገንዘቡን ለፍልስጤም ወንድሞቻችን እንሰጥልሻለን ብላ ታስቀረዋለች።

ስለዚህ ፊልም ያነበብኳቸው አድናቆቶች ይህን ትዕይንት ሃይማኖት የአንዲትን ልጅ ነፃነት ሲነጥቅ አድርገው ያዩታል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አንዲት ሴትዮ የሰው ሐቅ ስትነጥቅ አየሁ። ቃል የተገባ ሽልማት፣ የተባለውን ለፈጸመ ሰው ሐቁ ነው። ከሌላ ሰው ኪስ ተወስዶ የሚሰጥ ገንዘብ ደግሞ ለፍልስጤም ይሁን ለየትኛውም ችግረኛ ሶደቃ አይባልም። ርዕሰ መምህሯ ልትፈረድ የሚገባት ራሷ በምታስተምረው መጽሐፍ ነው፤ በዚያ ሚዛን ትወድቃለች። ይህን ለማየት የመድረሳ ልጅ መሆን ይጠቅማል፤ ሐያሲያኑ ያመለጣቸውም ለዚህ ይመስለኛል። የዐሊ አባት በስኳሩ ፊት ያደረገውን እርሷ በአንዲት ሕፃን ፊት ማድረግ አቃታት።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ካልተናገርኩ አታምኑኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን፣ ስሙን በማልጠቅሰው መስጂድ፣ የሒፍዝ ውድድር ዳኛ ነበርኩ። አንደኛ ለወጣው ገንዘብ ይሰጣል ተብሎ ተለጠፈ። አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አሸነፈ። በሽልማቱ ቀን ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ማይክሮፎኑን ይዞ «ልጃችን ገንዘቡን ለመድረሳው ምንጣፍ ይለግሳል፣ አይደል?» አለው። ልጁ ዞር ብሎ ሕዝቡን አየና አንገቱን ነቀነቀ። ተክቢራ ተሰማ። እኔም ከሰው ጋር ተክቢራ አልኩ። ልጁ ከዒድ በኋላ ወደ መድረሳው አልተመለሰም። ምንጣፉ ተገዝቷል፤ እስካሁን እንቀመጥበታለን። ልጁን አሁን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላምታው አይጎድልም፤ የዚያን ቀን ነገር ግን እርሱም አያነሣም፣ እኔም አላነሣሁም።

ስለዚህ «ወጅዳ»ን አልወደድኩትም ብል እውነት ነው፤ ጎዳኝ ብል ደግሞ ይበልጥ እውነት ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የሞሪታኒያው ተወላጅ አብደርረሕማን ሲሳኮ የሠራው «ቲምቡክቱ» (2014) እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ ሰባት የሴዛር ሽልማቶችን አግኝቷል። ታጣቂዎች በ2012 ያችን የዒልም ከተማ ሲይዙ የሆነውን ይተርካል። ጫማና መሣሪያ ይዘው መስጂድ የገቡትን በለሰለሰ ቃል የሚያስወጣውን ኢማም ለማየት ብቻ ቢታይ አያስቆጭም፤ ኳስ ተከልክለው ያለ ኳስ የሚጫወቱት ልጆችም ከዓይን አይጠፉም። ግን ግድያና የድንጋይ ውገራ አለበት፤ ለሕፃናት አይሆንም። አደራችሁን፣ የሽልማቱን ብዛት አይታችሁ ልጆቹ ፊት እንዳትከፍቱት።

ደግሞም የአንድ ሥራ ውዳሴ ለሌላው ዋስ አይሆንም። ያው መጂድ መጂዲ በ2015 ስለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅነት ከፍተኛ ገንዘብ የወጣበት ፊልም ሠራ። ፊታቸውን ባያሳይም በተዋናይ አካል ከጀርባ እንዲታዩ አደረገ፤ አል-አዝሀርም ተቃወመው። የሙስጠፋ አል-ዐቃድ «አር-ሪሳላህ» በ1976 አካላቸውንም ድምፃቸውንም ሳያቀርብ ሙሉ ታሪክ መናገር እንደሚቻል አሳይቶ ነበር፤ የነጃሺን ችሎት የሚያሳየው ክፍል ለኛ ለሐበሾች ደግሞ የቤታችን ወሬ ነው። እናም ለስኳሩ ትዕይንት ያደነቅኩትን ሰው በዚህኛው አልተከተልኩትም።

ያ አባት ባለፈው ጁምዓ አገኘኝ። «የሰማይ ልጆች»ን ከቤተሰቡ ጋር አይተውታል። ልጁ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁት። «ምን ይላል፣ ሸራ ጫማ ግዛልኝ አለ እንጂ!» ብሎ ሳቀ። «ወጅዳ»ን መጀመሪያ ብቻዬን ልየው ብሏል።