16 ቁጥር የማን ነው?

ጁባ፣ ሀይ ጀላባ አካባቢ ኮምፒውተር የሚያስጠግን ሰው መጀመሪያ የሚያማው ጄኔሬተሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማው መብራት ቢመጣም ሐሜቱ አልቀረም፤ ብዙ ጊዜም እውነት አለው። ሰርቨሩ «ኔትወርኩ አልሞተም፣ ግን ይጎተታል» ተብሎ ሲመጣልኝ ግን ጄኔሬተሩን ትቼ የከርነሉን መልእክት አነባለሁ።

አንድ የሐበሻ ሆቴል የገጠመኝ ይኸው ነበር። ባለቤቱ «ወንድሜ፣ የኔትወርክ ካርዱን ቀይርልኝና እንገላገል» ይለኛል። መልእክቱ በሚነበብበት በዲሜስግ ላይ ግን ከርነሉ 16 ቁጥር ኢንተራፕትን የሚቀበለው አጥቶ እንደዘጋው ጽፏል፤ ከሥሩም የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ተጠቅሷል። ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ የተጠቀሰውን ጥፋተኛ ያደርገዋል። እዚያ የሚዘረዘሩት ግን በኢንተራፕቱ መስመር ላይ ተመዝግበው፣ ሲጠየቁ «የእኔ አይደለም» ያሉት ናቸው። ጯሂው ብዙ ጊዜ ጭራሽ ያልተመዘገበው ነው።

የቆዩ ፒሲአይ ካርዶች አንድ መስመር ይጋራሉ። አንዱ ካርድ መስመሩን ከያዘ፣ ድራይቨሩ ስቴተስ ሬጅስተሩን እስኪያጸዳለት አይለቅም፤ ኢንተራፕቱን የሚቀበለው የድራይቨሩ ሃንድለር እንደወጣ ያው ኢንተራፕት ተመልሶ ይነሳል። ከርነሉ ከ100,000 ኢንተራፕት ውስጥ ከ99,900 በላይ ባለቤት ሲያጣ መስመሩን ይዘጋና በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ብቻ እየዞረ ሃንድለሮቹን ይጠይቃል። መጎተቱ ከዚህ ነው።

ሰርቨሩን አስነስቼ፣ መስመሩ ሳይዘጋ፣ ፕሮክ ሥር ያለውን የኢንተራፕትስ ፋይል ደጋግሜ አየሁት። የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎም የ16 ቁጥሩ ቆጠራ ይሮጣል። ከጎኑ ለስልክ ሂሳብ የገባ፣ ፕሮግራሙ ከተወገደ በኋላ ድራይቨር አልባ የቀረ የሲሪያል ካርድ ተሰክቷል። አጥፍቼ ነቀልኩት፤ ሲነሳ ሩጫው የለም።

ካርዱ የግድ ከሆነና ድራይቨሩን እኛው ከጻፍነው ሥራው ይረዝማል። ሃንድለሩን ከማስመዝገብ በፊት የካርዱን ኢንተራፕት ከራሱ ሬጅስተር ማጥፋት ያስፈልጋል። ሃንድለሩ ሁልጊዜ «የእኔ ነው» ብሎ እንዲመልስ የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ ይህን ጥገና አልለውም። ከርነሉ ማጉረምረሙን ያቆማል፣ ፕሮሰሰሩ ግን በከንቱ መድከሙን ይቀጥላል። ሲነሳ የሚሰጠው አይአርኪውፖል የሚባለው አማራጭም ማስታገሻ ነው። ካርዱ ኤምኤስአይ (ኢንተራፕትን በመልእክት መላክ) የሚችል ከሆነ ወደዚያ ማዞር ይሻላል፤ ያኔ መስመር መጋራት የለም።

ስቴተስ ሬጅስተሩን አጽድተነውም አልፎ አልፎ ባዶ ኢንተራፕት የሚመጣ ከሆነ የጻፍነው ካርዱ ጋ ሳይደርስ ሃንድለሩ ወጥቶ ይሆናል፤ ፒሲአይ ላይ ጽሑፍ መንገድ ላይ ሊቆይ ይችላል። ከጻፉ በኋላ ያንኑ ሬጅስተር መልሶ ማንበብ ጽሑፉ ካርዱ ጋ እንዲደርስ ያስገድዳል።