የአቀባዩ ጥበብ፤ ስለ ጆን ስቶክተን

የቅርጫት ኳስን ለወጣቶች በማስተማር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ፣ ኳሱን ይዞ ጨዋታውን ለሚመራው ተጫዋች፣ ማለት ለፖይንት ጋርዱ፣ ከጆን ስቶክተን የበለጠ አብነት አላገኘሁለትም፤ ከእርሱ የፈጠኑ፣ ከእርሱ ከፍ ብለው የዘለሉ፣ ዓይንን በሚማርክ ልዩ ልዩ ስልት ያቀበሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድን ቀላል ሥራ ሳይሰለቹ ወደ ፍጹምነት ማድረስ ምን እንደሚመስል በዘመኑ ሙሉ ያሳየ እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 በዋሽንግተን ግዛት በስፖኬን ከተማ ተወልዶ፣ በዚያው በጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ይህ ሰው፣ በ1984 ዩታ ጃዝ የተባለው ቡድን ከአዳዲስ ተጫዋቾች መካከል በ16ኛ ተራ ሲመርጠው ቁመቱ 1.85 ሜትር ብቻ የሆነ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን 19 የውድድር ዘመን ማልያ ሳይለውጥ ተጫወተ፤ 1,504 ጨዋታዎች ሲጫወት የቀረባቸው 22 ብቻ ናቸው፣ ይህም የትጋቱንና ሥጋውን በሥርዓት የመግዛቱን ነገር ከማናቸውም ስብከት ይልቅ ይመሰክራል።

ጥበቡን ከቅርብ ማየት የሚወድ፣ ከቡድን ጓደኛው ከካርል ማሎን ጋር የሚጫወቱትን ፒክ ኤንድ ሮል ደጋግሞ ይመልከት። ማሎን ወጥቶ እንደ ዓምድ ይቆማል፤ ስቶክተንም ኳሱን እያነጠረ፣ ተከላካዩ የሚሾልክበት ክፍተት እንዳይቀር፣ ትከሻው የማሎንን ዳሌ ሊነካ እስኪቃረብ ተጠግቶ ያልፋል። ማሎን ዞሮ ወደ ቅርጫቱ ሲሮጥ አብዛኛው አቀባይ ይቸኩላል፤ ስቶክተን ግን ኳሱን አንድ ጊዜ ያህል አንጥሮ ይታገሣል፣ የማሎን ጠባቂም ክብደቱን በፊተኛው እግሩ ጥሎ ወደ እርሱ እስኪያዘነብል ይጠብቃል። ያ እግር አንዴ ከተተከለ ሰውየው ቶሎ ሊመለስ አይቻለውምና፣ በዚያች ቅጽበት ኳሱ በሁለት እጅ ሳይሰበሰብ፣ ከመሬት እንደ ተነሣ በአንድ እጅ ተገፍቶ፣ በተከላካዩ ክንድ ሥር ነጥሮ ከሚሮጠው ማሎን እጅ ይገባል። ባላጋራዎቹ ሁሉ ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ ምሥጢሩ ያለው በጊዜው ላይ ስለ ሆነ ግን ማወቃቸው አልጠቀማቸውም።

በዚህ ዓይነት 15,806 አሲስት፣ ማለት ጓደኛውን ለማስቆጠር ያበቃ ኳስ፣ ሰጠ፣ ከ1988 እስከ 1996 ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ፣ በ1989-90 ለአንድ ጨዋታ በአማካይ 14.5 አቀበለ፤ በአሲስት ጠቅላላ ድምር ሁለተኛ የሆነው ክሪስ ፖል እንኳ ከሦስት ሺህ በላይ ይርቀዋል። ከባላጋራ የነጠቃቸው 3,265 ኳሶችም እስካሁን አቻ አልተገኘላቸውም፤ ይህም የሚያስደንቅ አይመስለኝም፣ የራሱን ኳስ ወዴት መላክ እንዳለበት አስቀድሞ የሚያይ ልቡና የሌላውንም መንገድ ያነብባልና። ጓደኛውን ነጻ ለማውጣት ከእርሱ እጅግ የሚገዝፉትን ተከላካዮች በሰውነቱ ይጋርዳቸው ስለ ነበር፣ ተንኮለኛ ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ፤ እኔ ግን ኳስ በማይነካበት ጊዜ ስለ ሌላው መድከሙን ከማቀበሉ እኩል አከብርለታለሁ።

በግንቦት 1997 ከሂውስተን ጋር 100 ለ100 ሆነው ሰዓቱ ሲያልቅ፣ የሂውስተኑ ተጫዋች ባርክሌይ ዘግይቶ ሲመጣበት አይቶ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ወርውሮ አገባና ጃዝን ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ አደረሰ። በዚያ ዓመትና በ1998 በቺካጎ ቡልስ ስለ ተሸነፉ፣ ዋንጫ አላነሣም እያሉ ማዕረጉን የሚቀንሱበት አሉ። አቀባይን የሚመዝን ሰው ግን አብረውት የተጫወቱት ምን ያህል ከፍ እንዳሉ ቢመለከት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ማሎን በዘመኑ 36,928 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ 18ቱን የውድድር ዘመን ኳሱን የተቀበለው ከስቶክተን ጋር ተሰልፎ ነው።