ደጉ ደበበ እና ያቺ ዜሮ

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ሲረቱ፣ ከተማው ሁሉ የጠራው ግብ አግቢዎቹን አዳነ ግርማንና ሳላሐዲን ሰይድን ነበር። ይገባቸዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማደንቀው ያቺን ዜሮ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር፣ እንግዶቹ አንዲት ግብ ቢያስቆጥሩ ኖሮ 31 ዓመት የጠበቅነው የአፍሪካ ዋንጫ በ2 ለ 1 ድል እንኳ ያመልጠን ነበር።

የዚያ ቡድን አምበል የቅዱስ ጊዮርጊሱ የመሐል ተከላካይ ደጉ ደበበ ነበር።

በጥር ከቦሌ ተነስተው ደቡብ አፍሪካ ገቡ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ተጋጠሙ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። በ10 ሰው 1 ለ 1! ቡርኪና ፋሶ 4 አገባብን፤ አመመን። ናይጄሪያን ግን ተከላካዮቻችን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ግብ ነሥተዋት ነበር፤ ሁለቱም ግቦቿ የፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። ዋንጫውን የወሰደችውም እሷ ናት።

የተከላካይ ሥራ እንዲህ ነው፤ ያከሸፈው ኳስ በየትኛውም የውጤት ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ቦሌ ላይ የሚገነባው የአደይ አበባ ስታዲየም ሲከፈት አንዱ በር በተከላካይ ስም እንዲጠራ እመኛለሁ። እኔን ከጠየቁኝ፣ የደጉ ደበበ በር ይባል።